ከጋሪው ወርዶ ማየት

ጭሮን የሚያውቅ ሰው ይመሰክርልኛል፤ ከተማችን ሜዳ የተነፈገች ናት። ወደ ላይ ቢሉ ዳገት፣ ወደ ታች ቢሉ ቁልቁለት ነው፤ ባጃጁም ሲያቃስት ሰዉም ሲያለከልክ ይውላል። እኔ አብዲሳ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ አንዲት የእህል ወፍጮ ተክያለሁ። ከወፍጮ ቤቴ ደጃፍ ላይ ርዝመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት ሜትር የሆነ ሲሚንቶ አስነጥፌአለሁ። ውሃ ልኩን ራሴ ይዤ፣ ከግንበኛው ጋር ሦስት ቀን ተጨቃጭቄ ያሠራሁት ስለሆነ በዚህ ከተማ ከእሱ የተስተካከለ መሬት የለም እላለሁ። ጎረቤቶቼ ግን “መምህር ሜዳውን ይዞት ሊቀበር ነው” እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የሆነው በዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ሞተሩ ዝም ሲል ወፍጮ ቤቱም ዝም አለ፤ ማሽላቸውን ሊያስፈጩ የመጡት ሁሉ ጆንያቸውን ትተው ወደየጉዳያቸው ሄዱ። የቀረችው ሹክሪያ ብቻ ነበረች። ሹክሪያ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ሰሌዳ ላይ የሣልሁትን ማዕዘን በዓይኗ ብቻ ገምታ ትናገር ነበር፤ ስለካው ከሁለት ዲግሪ በላይ አትስትም። ዛሬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆናለች። የዕረፍት ቀኗ ስለነበር የእናቷን ማሽላ ይዛ መጥታ ጆንያው ላይ ተቀምጣ መብራቱን ትጠብቃለች።

ሞተሩ ዝም ባይል ኖሮ ያንን ድምፅ አንሰማውም ነበር። ከአስፋልቱ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና አራተኛው ላይ ሽርር ይላል። ሹክሪያ ቀና አለች።

“መምህር፣ የማን ፈረስ ነው?”

“የአባ አብዱልቃዲር ዳማ ነው። የእኔን ጆንያ የሚያመላልሰው እሱ ነው” አልኋት።

አባ አብዱልቃዲር ሰባ ዓመት የሞላቸው ጋሪ ነጂ ናቸው። ዳማን ከገዙት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በግቢያቸው ውስጥ የሚያወሩት ከእሱ ጋር ብቻ ነው ይባላል። በዚያን ቀን ጋሪ የለም። ሽማግሌው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው እየመጡ ነበር፤ ፈረሱም ከኋላቸው የፊት ግራ እግሩን እየጎተተ ይከተላል። አንዱም ሌላውም አንገቱን ደፍቷል።

“አሰላሙ አለይኩም መምህር” አሉኝ።

“ወአለይኩም ሰላም አባ። ጋሪውስ?”

“ጋሪው ቤት ነው። ዛሬ ጆንያህን ሌላ ሰው ይጫንልህ። ትናንት ዳገቱ ላይ ዳማ በጉልበቱ ተደፋብኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ትከሻው ነው፤ ትከሻው ከተያዘ ቆይቷል።” የዳማን ጋማ ዳበሱና ቀጠሉ። “ብረት ሠሪውን ጃዕፈርን ጠርቼዋለሁ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ብረቱንና ከሰሉን ይዞ ይመጣል። ደጃፍህን ታውሰኛለህ? የእኔ ሰፈር ቁልቁለት ነው፤ ፈረስ በጋለ ብረት ሲተኮስ ይንሸራተትና ሰው ይጎዳል። ሜዳ ያለህ አንተ ነህ።”

በሜዳዬ የኮራሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ያን ቀን ግን አፈርሁበት። የዳማን ግራ ትከሻ አየሁት። በሰኔና በነሐሴ የተተኮሰበት ጠባሳ ጎን ለጎን ተጋድሟል፤ ጠጉር አልበቀለበትም።

“ሦስተኛ ጊዜ ሊተኮስ ነው?” አልኋቸው። “ካልዳነስ አባ?”

“ካልዳነ… ቁልቁል ወደ ቆላው ወስጄ እለቀዋለሁ። የሚያደርገውን አላህ ያውቃል።”

በእኛ ከተማ “እለቀዋለሁ” ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ያረጀ ወይም ያነከሰ ፈረስ ከከተማው ዳር ይለቀቃል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጅብ ይረከበዋል። ባለቤቱም ለሁለት ሳምንት በዚያ መንገድ አያልፍም። ልቤ ተቆጣ፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን አላወቅሁም ነበር።

ሹክሪያ ከጆንያው ላይ ተነሣች። ዱቄቱን ከቀሚሷ አራግፋ ሻሿን አስተካከለች።

“አባ፣ እንዳይከፋዎት እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?”

“ጠይቂ ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፤ መጠየቅ ምን ይከፋል።”

“ሕመሙ ከትከሻው መሆኑን በምን አወቁ?”

“በዓይኔ ነዋ! ሲራመድ ትከሻው ይዘነብላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?”

“ከእርስዎ በላይስ የሚያውቀው የለም። ግን የሚያዩት ከየት ሆነው ነው?”

“ከጋሪው ላይ ነው። ሌላ ከየት ልይ?”

“ከጋሪው ላይ ምን ምኑ ይታያል?”

ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩ። “ጆሮው ይታያል። ጀርባው ይታያል። ትከሻው፣ ጭራው…”

“እግሩስ?”

“እግሩ ከሥር ሆኖ እንዴት ይታያል?” አሉና በተናገሩት ነገር ላይ ቆም አሉ።

እኔ ሣቄን ዋጥሁ። መልሱን በተማሪው በራሱ አፍ ማስነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው ያስተማረ ሰው ነው። ልጅቱ ከእኔ ትሻላለች።

“እስቲ ወደ ሲሚንቶው ያውጡልኝ” አለች። “ዳገት ላይ የቆመ ፈረስ እውነቱን አይናገርም፤ አንዱን እግር ያጥፋል፣ ሌላውን ይዘረጋል። መምህር፣ ጠመኔ አለዎት?”

ጡረታ የወጣ መምህር ኪስ ውስጥ ጠመኔ ባይገኝ ነው የሚገርመው። በሲሚንቶው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሠመርሁ፤ መቼም አልሞትሁም፣ ቀጥ ያለ ነበር። ዳማን ሁለቱን የፊት እግሮቹን መስመሩ ላይ አስረግጠን ልናቆመው ሞከርን። ቀኙ ቆመ። ግራውን ግን ባስቀመጥነው ቁጥር ወደ ፊት ቀስሮ ያወጣዋል፤ ክብደቱን ሊያሳርፍበት አልፈለገም።

“አሁን አባ፣ ከጎኑ ቁጭ ይበሉና በሰኮናው ከፍታ ሆነው ይመልከቱት።”

“እኔ? መሬት ላይ?”

“እኔም እቀመጣለሁ” አልሁና ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ተንቋቋ። እሳቸውም ልጓሙን ለሹክሪያ ሰጥተው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠን የፈረስ እግር ስንመለከት ያየ አላፊ አግዳሚ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ማንም የሚለው አያጣም።

ሹክሪያ በጣቷ እያመለከተች ተናገረች። “ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ እስከ ሰኮናው ጫፍ ድረስ በዓይንዎ አንድ መስመር ያውርዱ። ደህና በሆነ እግር ላይ ያ መስመር ሳይሰበር እስከ መሬት ይወርዳል። የኋላ እግሩን ይዩት፤ እንደዚያ። አሁን ግራውን የፊት እግር ይዩት።”

አባ አብዱልቃዲር ዓይናቸውን አጠበቡ። ረጅም ጊዜ አዩ። “ይሄ… መሃል ላይ ተሰብሯል” አሉ።

“ተሰብሯል። ሰኮናው ጫፉ ረዝሞ ወደ ፊት ሸሽቷል፤ ተረከዙ ደግሞ ከሥሩ ታጥፎ ዝቅ ብሏል። የእርስዎን ጫማ አፍንጫውን አንድ ስንዝር ብናስረዝመው፣ ተረከዙን ደግሞ ብንቆርጠው ይህን ዳገት ይወጡታል?”

“እደፋለሁ እንጂ!”

“ዳማም ትናንት ተደፋ።”

እኔ በዚህ ጊዜ የተሰማኝን ልናገር። ይህ ፈረስ በየቀኑ ደጃፌ ቆሞ ይውላል። እኔ ስለ ማዕዘን ሠላሳ አራት ዓመት የለፈለፍሁ ሰው፣ የተሰበረ መስመር ከዓይኔ በታች ሲመላለስ አላየሁትም፤ በላዩም ጆንያ አስጭኜበታለሁ። ቅድም በማን እንደተቆጣሁ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። ተነሥተው ልጓሙን ተቀበሉ።

“ስሚ ልጄ። ረጅም ሰኮና የፈረስ ሀብቱ ነው። ዳማን የሸጠልኝ ሰው ‘ሰኮናውን እንዳትነካ፣ አስፋልት ይበላዋል፤ በረዘመ ቁጥር ብዙ ዘመን ይሠራልሃል’ ብሎኛል። ከዚህ እስከ ሂርና ያለ ጋሪ ነጂ ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው። ሁላችንም ተሳሳትን?”

“እውነት ነው፤ አስፋልት ባዶ ሰኮናን ይበላል” አለች ሹክሪያ። “እናንተ ግን ብረት ትመቱበታላችሁ አይደል?”

“እንመታለን። ያለ ብረት በድንጋይ ላይ እንዴት ይሠራል?”

“እንግዲያው አስፋልቱ የሚበላው ብረቱን ነው። ሰኮናውንስ ማን ይበላዋል? እንደ ሰው ጥፍር በየወሩ ያድጋል። ብረቱ ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ?”

“ነቅለን ሌላ እንመታለን።”

“ሰኮናውን ሳትቆርጡ?”

“ሳንቆርጥ። እዚያው ባደገው ላይ።”

“ስንት ጊዜ?”

አባ አብዱልቃዲር መቁጠር ጀምረው ተዉት። ፊታቸው ተለወጠ፤ ቁጣ መጣባቸው። “እንግዲህ ቁረጭው ልትዪኝ ነው! እኔ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ከዳማ በፊት ቦቃ የሚባል ፈረስ ነበረኝ። ሂርና ላይ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ በመሮና በመዶሻ ሰኮናውን ቆረጠው። ደሙን በሽርጤ አሰርሁት። በሦስተኛው ቀን መቆም አቃተው። በገዛ እጄ ወስጄ ለቀቅሁት። ዞሮ አየኝ፤ ወላሂ ዞሮ አየኝ! ዳግመኛ ሰኮና ላይ ስለት አላሳርፍም ብዬ የማልሁት ያን ቀን ነው።”

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ግን ያዩት እባቡን ራሱን ነበር። የሽማግሌን እምቢታ ግትርነት ነው ብሎ ማለፍ ለእኛ ለተማርን ሰዎች ይቀለናል። ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሹክሪያ አልተከራከረችም። “ልክ ነዎት አባ” አለች። “ያ ሰው ቦቃን ገድሎታል። ሰኮና ውጪው ጥፍር ነው፤ ውስጡ ግን ሕይወት ያለው ሥጋ አለ። የእርስዎንም ጥፍር ከሥጋው ድረስ ቢቆርጡት ይደማል። የብዙ ወር እድገት በአንድ ቀን በመሮ ከተፈለጠ መድማቱ አይቀርም። በጉጠት ትንሽ ተቆርጦ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣ ጊዜ ተሰጥቶት እንደገና ሲቆረጥ ግን አያመውም። ቀስ በቀስ…”

“እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አሉ ሽማግሌው ሳይወዱ።

“እሱን ነው የምልዎ። አሁን እጅዎን ያምጡ።”

እጃቸውን ይዛ በመጀመሪያ በቀኝ ሰኮናው ላይ፣ ቀጥሎ በግራው ላይ አሳረፈችው። ሽማግሌው እጃቸውን መልሰው ወደ ቀኙ ወሰዱ፤ እንደገና ወደ ግራው።

“ግራው ይሞቃል” አሉ።

“ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ እዚህ ጋ በጣትዎ ይጫኑ። ምን ይሰማዎታል?”

“ይመታል። እንደ ልብ ይመታል።”

“ሰኮና ውስጥ ሕመም ሲኖር እንደዚያ ይመታል። አሁን ደግሞ ትከሻውን እንይ።” ጠባሳውን እየሸሸች የዳማን ትከሻ በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። እግሩንም አንሥታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘረጋችው። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። በጠጠር ሰኮናውን ጫፉ ላይ ቀስ ብላ መታ ስታደርገው ግን እግሩን ነጠቃት።

ሽማግሌው መዳፋቸውን በጠባሳው ላይ አሳረፉ። ቆይተው “ያ ረቢ” አሉ። “እግሩን አሞት ትከሻውን አቃጠልሁት? ሁለት ጊዜ?”

“ሊያድኑት ብለው ነው አባ። እሱም ያውቃል።”

“አያውቅም” አሉ። “ፈረስ ይህን በምን ያውቃል?”

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ማየታችንንም አልደበቅናቸውም።

“መሣሪያዬ ክሊኒክ ነው” አለች በመጨረሻ። “ይፍቀዱልኝና በባጃጅ ሄጄ ላምጣው። ዛሬ ጨርሶ ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም። ውስጡ የባሰ ነገር ካየሁም ደብቄ አልተውዎትም።”

“ደም ካየሁስ?”

“አንዲት ጠብታ ካዩ መሣሪያዬን አስቀምጣለሁ። ከዚያ በኋላ እርስዎ እንደፈለጉ።”

ሽማግሌው ፈረሱን አዩ፤ ሲሚንቶውንም አዩ። “ሂጂ” አሏት።

እሷ እንደሄደች ጃዕፈር መጣ። ጃዕፈር ደግ ሰው ነው፤ ማረሻና ቢላ ይሠራል፤ ጋሪ ነጂዎች ሲጠሩት ደግሞ ፈረስ ይተኩሳል። ከሰሉን በቆርቆሮ ይዞት መጥቶ ከሲሚንቶው ዳር አራገበው፤ ብረቱንም ከተተበት።

“አባ፣ ፈረሱን ይያዙልኝ፤ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ እንገላገል” አለ።

አባ አብዱልቃዲር ልጓሙን አጠበቁ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ብዙ ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ሰው በቃሉ የሚፈተነው ባለሙያው ከጎኑ ሳይኖር፣ የለመደው ነገር ግን ግሎ ሲጠብቀው ነው። ብረቱ ቀላ። ባጃጆች ያልፋሉ፤ ሹክሪያ ግን የለችባቸውም።

“ቃል ሰጥቻለሁ፤ ጠብቅ” አሉት።

“ለማን?”

“ለልጅቱ። ለሹክሪያ።”

ጃዕፈር ሳቀ። “ፈረስ የሚያክም ሴት ልጅ ሆነች? እርስዎም አባ…”

“ጃዕፈር፣ ቁጢጥ በል” አሉት ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ከረር ብሎ ነበር። “እዚህ ከጎኔ። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጫፉ ያለውን መስመር እይ። ምን ታያለህ?”

ጃዕፈር ግራ ገብቶት ተቀመጠ። ብረት ሠሪ ነውና ጠማማ ነገር ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። “ተጣሟል” አለ። ቀጥሎም ብረቱን ከከሰሉ ውስጥ አውጥቶ ሲሚንቶው ዳር አስቀመጠው። ሊጀመር የተቃረበውን መተኮስ ያስቆመችው እንግዲህ ሹክሪያ ራሷ አልነበረችም፤ ትምህርቷ ከአንድ ሰዓት በፊት ተጠራጣሪ ከነበሩት ሽማግሌ አፍ ነው የወጣው። ይህን ሳይ ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

ሹክሪያ ከባጃጁ ወርዳ ጃዕፈርንና ከሰሉን ስታይ ቀለሟ ተለወጠ። ሽማግሌው ግን “ይርዳሽ፤ ብረት መንቀል ይችላል” አሏት።

ጃዕፈር ምስማሮቹን አንድ በአንድ አላልቶ የግራውን ብረት ነቀለው። ከሥሩ የወጣው ሽታ ሁላችንንም አፍንጫ አስያዘን። ሹክሪያ እግሩን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ፣ በጎባጣ ቢላ ቆሻሻውን ጠረገችው፤ መሃል ላይ ያለችው ለስላሳ ክፍል በጭቃና በፍግ ታፍና መበስበስ ጀምራ ነበር። ደረቅና የሚፈረፈር የሆነውን ብቻ አነሣች። ከዚያ ጉጠቷን ይዛ ከጫፉ ትንሽ ቆረጠች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከዚያ አልነቀሉም። የተቆረጠችው ስባሪ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፤ አንሥተው አገላበጧት።

“ደም የለውም” አሉ።

“የለውም አባ።”

ደግማ ቆረጠች። እንደገና አነሡ፣ እንደገና “ደም የለውም” አሉ። አምስት ይሁን ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ በየጊዜው ድምፃቸው ላላ እያለ ሄደ። ተረከዙን ግን እምብዛም አልነካችውም፤ “ዝቅ ያለው እሱ ነው፤ ይደግ” አለች። ሞረዱን ይዛ አስተካከለች፤ በየመሃሉ እግሩን መሬት ላይ እያስቀመጠች፣ ራቅ ብላ ከጎንም ከፊትም ተመለከተች። አንድ ቦታ ላይ ጃዕፈር “እዚህ ጋ ትንሽ ይቀራል” ሲላት አቆመች። “ይቀራል። ዛሬ ግን ይበቃል። ከሥሩ ያለው መልኩ ተለውጧል፤ ወደ ሥጋው ተጠግተናል።” ቀኙንም ነቅላ እንደዚያው አደረገች።

ከዚያ ሁላችንም ፈቀቅ አልንና ዳማን ትተነው ቆምን።

መጀመሪያ ላይ ግራውን እንደ ልማዱ ወደ ፊት ቀሰረው። ጥቂት ቆየ። ወደ ኋላ መለሰው፣ መስመሩ ላይ አስቀመጠው። ክብደቱን አሳረፈበት፤ መልሶ አነሣው፤ እንደገና አሳረፈበት። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አፉን አላመጠና በረጅሙ ተነፈሰ። በሁለቱም የፊት እግሮቹ ቆሟል።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ አባ አብዱልቃዲር። ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጃዕፈር ቆርቆሮውን አንሥቶ ከሰሉ ላይ ውሃ ደፋበት። እኔም ትከሻዬ ላይ ተጭኖ የቆየ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። መብራቱ መጥቶ ኖሮ ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው ጠፋ ብለው ደንበኞች ይጮሁ ነበር፤ ማን ሰምቷቸው።

“ገና ነው አባ” አለች ሹክሪያ፤ እሷም ግን ትስቅ ነበር። “ያነክሳል፤ ጥቂት ቀን ያነክሳል። ሁለት ሳምንት ጋሪ አይጎትትም። ደረቅ ቦታ ያሳድሩት፤ ማታ ማታ ሰኮናውን ከሥሩ ይጥረጉለት። በስድስት ሳምንቱ ያምጡልኝ፤ ያኔ የቀረውን እናነሣለን። ጫፉ ወደ ቦታው እስኪመለስ ወራት ይፈጃል።”

“በስድስት ሳምንት፣ በዓመትም ቢሆን አመጣዋለሁ። ግን በየስድስት ሳምንቱ እስከ መቼ?”

“ዕድሜ ልኩን። እርስዎስ ጥፍርዎን እስከ መቼ ይቆርጣሉ?”

“ገለቶሚ ኢንተለ ቲያ” አሉ። አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ጃዕፈርን ዞረው አዩት። “ይሄን ጎባጣ ቢላ አይተኸዋል? መሥራት ትችላለህ?”

ጃዕፈር ቢላውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። “የተሻለ እሠራለሁ” አለ። ሠራም።

እነሆ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ፤ መቼም ታሪክ የሚነገረው ለጥቅሙ ነው። ዳማ ሁለት ሳምንት አረፈ፤ የእኔም ጆንያ በባጃጅ ተመላለሰ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቱ ይህ ሲያንስ ነው። በስድስተኛው ሳምንት መጣ፤ በአሥራ ሁለተኛውም መጣ። ዛሬ ሞተሩ ዝም ባለ ቁጥር ከመንገዱ የምሰማው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ነው፤ አራቱም እኩል። ዳገቱን ሳይደፋ ይወጣል። ብረት የሚመታለትም ሰኮናው ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ ነው። ጃዕፈር ከብረት ማረሻው ጎን የሰኮና ቢላና ሞረድ ይሸጣል፤ ለመተኮስ የሚጠራው ሰውም እየጠፋ ነው፤ እሱ ግን አልተከፋም፤ “የፈረስ ጩኸት ከጆሮዬ ወጣልኝ” ብሎኛል። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ከእኛ ሰፈር ወደ ቆላው የተለቀቀ ፈረስ የለም። ለዚህ ሁሉ የጠየቀን ነገር ምንድን ነው? ደልዳላ ቦታ፣ ቁጢጥ ለማለት ፈቃደኛ የሆነ ጉልበት፣ እና በየስድስት ሳምንቱ ግማሽ ቀን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት አባቶች ይህንኑ ነው ያሉት።

ሲሚንቶዬም ሥራ በዝቶበታል። በየሐሙሱ ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸውን እየሳቡ ይመጣሉ፤ ሹክሪያ ስትችል እሷ ታያለች፤ ሳትችል የሚመለከቱት አባ አብዱልቃዲር ናቸው፤ ስለት ግን ያለ እሷ አይነኩም። የጠመኔው መስመር በእግር ብዛት እየጠፋ ሲያስቸግር አንድ ቀን ሽማግሌው ከየት እንዳመጡት የማላውቀው ነጭ ቀለም ይዘው መጡና፣ እኔ ቤት ሳልኖር፣ በእጃቸው አሠመሩት። ጠማማ ነው። ከዳር ሲነሣ ደህና ሆኖ መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ሠላሳ አራት ዓመት ጠማማ መስመር ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያንን ግን አላረምሁትም፤ ማንም እንዲያርመው አልፈቅድም።

ባለፈው ሐሙስ በድሪ የሚባል፣ ከአሰቦት በኩል አዲስ የመጣ ጋሪ ነጂ ከአስፋልቱ ዳር ቆመ። ፈረሱ ያነክሳል። ከመቀመጫው ሳይነቃነቅ ጮኸ፦

“አባ! እርስዎ ነዎት አሉ የፈረስ አዋቂ። ይሄ የእኔ ፈረስ ትከሻውን ይዞታል!”

አባ አብዱልቃዲር ከመስመሩ ጎን ቁጢጥ ብለው ሌላ ፈረስ ሲያዩ ነበር። ቀና ብለው አዩት። በሲሚንቶው ላይ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

“መጀመሪያ አንተ ከጋሪው ውረድ” አሉት።